ዝግ ነው ያልኩህ ሱቅ

ውድ አባዬ፣

ሰንሰለቱ ተገኝቷል።

አጀማመሬ እንዳይገርምህ። ደብዳቤ ጤና በመጠየቅ እንደሚጀመር ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ግን ስለ ጤናህ ከጀመርኩ እጄ ወደ ሌላ ሌላው ሄዶ ይህንን ሳይጽፍ እንዳይቀር ፈራሁ። ስለዚህ በቅድሚያ፦ ሰንሰለቱ ተገኝቷል፣ ብስክሌትህ ላይ ገብቷል፣ ይሠራል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ጠፍቶም አያውቅም።

ይህን ወረቀት ጠዋት አንብበው። የደረሰህ ከሰዓት በኋላ ከሆነ አጥፈህ ኪስህ ክተተውና ነገ ከቁርስ በፊት አውጣው። ጠዋት ጠዋት አንተ ራስህ ነህ። ወደ ማታ ሌላ ሰው ይመጣና በአንተ ድምፅ ያወራኛል። ደግ ሰው ነው፣ አልጠላውም፤ ይህ ደብዳቤ ግን ለእሱ አይደለም።

በደወልኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። የልጅ ልጆችህን ስም ታቀያይራለህ። በልተህ ሳለ አልበላሁም ትላለህ። አንዳንድ ቀን 'እናትሽን አገናኚኝ' ትለኛለህ፤ ያን ጊዜ መርዶውን እንደ አዲስ እነግርሃለሁ፣ ወይም ዝም እላለሁ። ሰንሰለቱን ግን አንድም ቀን አልረሳህም።

"ድንቢጥ፣ አገኘሽልኝ?"

"አላገኘሁም አባዬ።"

"ባለ አንድ ማርሽ ነው በያቸው። ወፍራሙን ነው የሚፈልገው። ቀጭን እንዳይሰጡሽ።"

"እሺ።"

"ሰንሰለቱ ነው ፍሬኑ። ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ አባዬ።"

ሰምቻለሁ። ያንተ ብስክሌት እጀታው ላይ ፍሬን የለውም፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጠው ነው የኋላው ጎማ የሚያዘው። ሰንሰለቱ ከተበጠሰ መሄድ ብቻ ሳይሆን መቆምም ቀረ ማለት ነው። ይህን ዕድሜህን ሙሉ ስትነግረን ነበር። እኔ ግን የገባኝ ያን ቀን ነው።

ያን ቀን ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። ልጻፍልህ።

የሰው የውሃ ቆጣሪ በዚያ ብስክሌት እየዞርክ ስታነብ ኖረህ ጡረታ ከወጣህ ከራርመሃል። አንድ ጠዋት እኔ መድኃኒት ቤቱ ሥራ ስገባ አንተ የሥራ ኮትህን ለብሰህ ወጣህ። ዳገቱ ላይ ያለው የድሮ ሰፈርህ ሄደህ በር አንኳኳህ። "ቆጣሪ!" የሚያውቁህ አስገቡህ፤ ሻይ ያቀረቡልህም ነበሩ። የማታውቅህ አንዲት ሴት ግን ጓሮዋ ውስጥ ተንበርክከህ የቆጣሪዋን መስታወት በእጅጌህ ስትወለውል አገኘችህና ጮኸች። ደነገጥክ። ቁልቁለቱን በድንጋጤ ወረድከው። ሰንሰለቱ መሃል ላይ ተበጠሰ። ያቆመህ የሰው አጥር ነው።

በውሃ መሥሪያ ቤቱ መኪና አመጡህ። ብስክሌቱ ከኋላ ተጭኗል፣ ጉልበትህ ደምቷል፣ ሰንሰለቱ ተጠቅልሎ ኪስህ ውስጥ ነው። ሾፌሩ "ጋሼ እኮ ዛሬም ሥራ አልፈቱም!" ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

ወንድም ጋሼ ከሚኖርበት ከተማ በማግስቱ ደረሰ። ሰንሰለቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየውና "እሰይ፣ ራሱ ተበጠሰልን" አለ። አንተ ፊትህን ልትታጠብ ገብተህ ነበር፤ አልሰማህም። ስትወጣ ቀና ብሎ፣ "በል አባዬ፣ ሰንሰለቱ እስኪገኝ እኔ ጋ ትከርማለህ" አለህ።

"እስኪገኝ ከሆነ መልካም" አልክ።

ያ ነበር ውላችን። ሻንጣህን ይዞ ደረጃውን ሲወርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "አይገኝም። ገባሽ ሚጣዬ?" አለኝ። ገባኝ። አንተ በማታውቀው ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰንሰለቱ እንዲገኝ ትጠብቃለህ። እኔ እንዳይገኝ እጠብቃለሁ። ብስክሌትህ ኮሪደሬ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ስገባና ስወጣ በጎኔ ነው የማልፈው፣ ልክ የተኛ ሰው እንደማልፍ።

ችግሩ አንተን መዋሸት አለመቻሌ ነው።

ደግነት አይደለም። ምላሴ አይታዘዝልኝም። ሌሎቹ ቆጣሪ አንባቢዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቁጥሩን በግምት ሲሞሉ አንተ "ያላየሁትን ቁጥር አልጽፍም" ብለህ በየበሩ ትዞር ነበር። በሩ ከተዘጋ 'በር ዝግ' ብለህ ትጽፋለህ፤ ነገ ትመለሳለህ። በዚያ ልማድ ነው ያሳደግኸን። እኔና ወንድም ጋሼ ብርጭቆ ስንሰብር እንኳ 'ድመቷ ናት' ማለት አቅቶን ተያይተን እንቀር ነበር።

ስለዚህ ሌላ ጥበብ ተማርኩ። መጀመሪያ ነገሩን እውነት አደርገዋለሁ፤ ከዚያ እነግርሃለሁ።

የብስክሌት ዕቃ ሱቁ የሚዘጋበትን ቀን አወቅሁ። በዚያ ቀን ሄጄ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር በእጄ እነቀንቀዋለሁ። የብረት በሩ ይንኳኳል። ሰው የለም። እመለሳለሁ። ማታ ስትጠይቀኝ፣ "ሱቁ ዝግ ነው አባዬ።"

"በር ዝግ በያ!" ብለህ ሳቅህ። "ነገ ተመለሺ።"

እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም።

ታዲያ ሱቁ የሚከፈተው መቼ ነው ብለህ ጠየቅኸኝ። ጠርጥረህ አይመስለኝም፤ ሥራ ወዳድ ሰው ስለሆንክ ነው። በክፍት ቀን ሄድኩ። ባለሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የተነፋ ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከረች አረፋ ትፈልጋለች። ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት እንዳለኝ ነገርኳትና ወደ ቀጭኑ ሰንሰለት ጠቆምኩ።

"ይሄ የባለ ብዙ ማርሽ ነው" አለችኝ።

"እሱን ስጪኝ።"

"ላንቺ አይገባም። ጥርሱ ወፍራም ነው፤ ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይነክስም።"

"አውቃለሁ።"

መነጽሯን አወረደችና አየችኝ። "እህቴ፣ ጤና ነሽ?"

"ጤና ነኝ። ጠቅልይልኝ።"

"እኔ እንኳ ሰው ላታልል ስፈልግ በስንት ልመና ነው የሚታለልልኝ" አለች እየጠቀለለች። "አንቺ በእግርሽ መጣሽ።"

ቤት ወስጄ ሞከርኩት። ይህን እወቅልኝ፤ በእርግጥ ሞከርኩት። ጥርሱ ላይ ጎትቼ አስቀመጥኩት፣ ተንሸራቶ ወደቀ። ደግሜ አስቀመጥኩት፣ ወደቀ። ማታ "ገዝቼ ነበር አባዬ፣ አልገባ አለ" አልኩህ፤ ከቃሌ አንዱም ሐሰት አልነበረውም።

"ቀጭን ሰጥተውሽ ነዋ! ሴት ናት፣ አታውቅም ብለው!" ተቆጣህ። ቀጥሎ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ "አይዞሽ። ሁሉንም ያታልላሉ። አይዞሽ እሺ?"

አይዞሽ አልከኝ።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያንተን መድኃኒት ለሌሎች ሰዎች አባቶች እሸጣለሁ። ልጆቻቸው በመስኮቱ ጎንበስ ብለው "ያድናል?" ይሉኛል። "ያዘገየዋል" እላለሁ። ከዚያ ዓይኔን ዓይኔን ያዩኛል፣ ከኋላዬ ካለው መደርደሪያ ላይ የደበቅሁት የሚያድን ሌላ ነገር ያለ ይመስል።

ወንድም ጋሼ የደወለው ሥራ ላይ እያለሁ ነው። በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም።

"አባዬ ጠፋ" አለ።

ምራትህ ሰገነቱ ላይ ልብስ ስታሰጣ በሩን ከፍተህ ወርደሃል። ወረፋ የያዙትን ሰዎች ትቼ ከኋላ ያለው የካርቶን መጋዘን ገባሁና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስለዚያ ጥበቃ ምንም አልጽፍም።

ያገኙህ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በትልቁ መንገድ ማዶ፣ የሞተር መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ። የግራ እግርህ ጫማ የለውም። ክርንህ ተልጧል፤ ሞተረኛ ገፍቶህ ይሁን ራስህ ወድቀህ ማንም አላየም። የተበጠሰውን ሰንሰለት ከኪስህ አውጥተህ ባንኮኒው ላይ ዘርግተኸዋል። ሻጩ ለወንድም ጋሼ የነገረውን ልጻፍልህ፤ ያልከው አንተ ስለሆንክ ልታውቀው ይገባል።

"ልጄ ብትመላለስም ሱቁ ዝግ ሆነባት። ሲከፈትም አታለሏት። እስቲ እኔ ልሞክርላት ብዬ ነው" ብለሃል።

ልትረዳኝ ነው የወጣኸው።

እንዳትወጣ ብለን ያልነው ነው ያወጣህ። ይህን ለወንድም ጋሼ ነገርኩት።

"በሩ ላይ ከላይ ቁልፍ አስገብቻለሁ። እጁ አይደርስበትም። ብስክሌቱ ግን ከጭንቅላቱ መውጣት አለበት፣ ሚጣዬ። ተሰርቋል በይው።"

"አልተሰረቀማ።"

"አንዴ ብቻ በይው። ያዝናል፣ ያለቅሳል፣ ይረሳዋል።"

"አልችልም። አልተሰረቀም።"

"እንግዲያው ሽጪውና 'የለም' በይው። እውነት ይሁንልሽ።"

አባዬ፣ ያኔ የራሴን ጥበብ በሰው አፍ ሰማሁት። ወንድም ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነበር። ግን እውነት ይሁንልሽ ሲለኝ የዚያን የብረት በር ኳኳታ ሰማሁ፤ በክፍት ቀንም በዝግ ቀንም ስነቀንቀው የኖርኩት እኔ መሆኔን አወቅሁ።

አልሸጥኩትም። በማግስቱ የኋላውን ጎማ ፈትቼ ይዤ ወጣሁ። የድሮው ሰንሰለት አንተ ጋ ነው፤ ለማመሳከሪያ ጥርሱን ራሱን ወሰድኩላት። አውቶቡሱ ውስጥ ጎማ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስሄድ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ "የቀረውስ የት ሄደ?" አሉኝ። "ቤት ነው" አልኳቸው። "ደህና፣ አንድ አንድ አካሉን በየወሩ እየገዛሽ መስሎኝ" አሉ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

ባለሱቋ ስታየኝ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ዛሬስ የማይገባ ነው የሚገባ?"

"የሚገባ።"

ወፍራሞቹን ባንኮኒው ላይ ደረደረችልኝ። አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ ዝናብ የማያዝገው። አንዱ ጥቁር፣ ከባድ፣ እጅ የሚያቆሽሽ። አንዱን ደግሞ ራሷ ገለል አደረገችው፤ "ይሄ ለልጆች ነው፣ ይለጠጣል" ብላ። እያንዳንዱን ጥርሱ ላይ አስቀምጬ ሳብኩ። ሁለቱም ይነክሳሉ። አነሳኋቸው፣ መለስኳቸው፣ አነሳኋቸው። ሰንሰለት ነው፣ እላለሁ ለራሴ። የብረት ቀለበት ነው። ግን አንዱን ስይዝ ቁልቁለቱን አያለሁ፣ ሌላውን ስይዝ አራተኛ ፎቁን።

"የቱ ነው የማይበጠስ?"

"የማይበጠስ የለም" አለች። "ቶሎ የማይበጠስ አለ። ማን ነው የሚነዳው?"

"አባቴ።"

"ዕድሜያቸው?"

"ገፍቷል። ይረሳሉም። መንገድ ይጠፋቸዋል።"

"ታዲያ አንቺ ስለ ሰንሰለቱ ነው ወይስ ስለ ሽማግሌው የምትጠይቂኝ?"

ጥቁሩን አነሳችና እያንዳንዱን አንጓ በአውራ ጣቷ እያጠፈች እስከ መጨረሻው አሳየችኝ፤ የሚደርቅ የለበትም። ያለ መሣሪያ በእጅ የሚከፈት ማያያዣም አለው። "ይሄ ውበት የለውም፤ ግን ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚመጣውን ጉልበት ይችለዋል። ደግሞ ፊት ለፊት የእጅ ፍሬን ግጠሚላቸው። አንድ ሲከዳቸው ሌላው ይይዛቸዋል።"

"ይቆጣሉ።"

"ይቆጡ።"

ጥቁሩን ወሰድኩ። የእጅ ፍሬኑንም ወሰድኩ። አንተ ግን ከፈለግህ ተቆጣኝ።

የገጠምኩት ራሴ ነኝ። ረዘመብኝ፤ ተርፎ ተንጠለጠለ። ትርፉን አንጓ አውጥቼ ሳያይዘው ተወጠረና ጎማው አልዞር አለ። ጎማውን ትንሽ ወደ ፊት ሳስጠጋው ላላ። ወደ ኋላ ስስበው ከረረ። ብሎኑን አጥብቄ ስነሳ ሄዶብኛል፤ እንደገና። እጄ እስከ ክንዴ ጠቆረ። በመጨረሻ መሃሉን በጣቴ ስጫነው በትንሹ እሺ የሚል፣ ስለቀው የሚመለስ ሆነ። ፔዳሉን በእጄ አዞርኩት። ምንም ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ኮሪደሩ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ለረዥም ጊዜ አይደለም።

በነጋታው ከሥራ በፊት ሜዳማው መንገድ ላይ ነዳሁት። ከልጅነቴ በኋላ ነድቼ አላውቅም፤ መቀመጫውም ላንተ ቁመት ነው፣ እግሬ ለጥቂት ይደርሳል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሱቁን እየከፈተ "ኧረ! የአባትሽን ብስክሌት ወረስሽ?" አለኝ። "አልወረስኩም፣ ባለቤቱ አለ" ብዬ ጮህኩበት፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ። መንገዱ ጫፍ ስደርስ ፔዳሉን ወደ ኋላ ረገጥኩ። ያዘ። ቆምኩ። ሁለት እግሬን መሬት አድርጌ ቆሜም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ይለቀኛል ብዬ ነበር። ሰንሰለቱ ልክ ሲሆን እኔም ልክ የምሆን መስሎኝ ነበር።

ለወንድም ጋሼ ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፣ ይህን ደብዳቤ ልጽፍልህ ማሰቤንም። ጮኸ። እኔም ጮህኩ።

"እሺ፣ ሲጠፋስ?" አለ።

"እንፈልገዋለን።"

"እንፈልገዋለን ነው እፈልገዋለሁ?"

"እፈልገዋለሁ።"

"ሲወድቅስ?"

መልሴን ሳይጠብቅ ድምፁ ተለወጠ። "ሚስቴ የበሩን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ ነው የምትውለው። አባቴን ቆልፌበት ሥራ ስሄድ ደስ የሚለኝ ይመስልሻል?" አለ። ከዚያ፣ "ደብዳቤውን ላኪው። አልከፍተውም። ግን በጠዋት፣ በራሱ አፍ ምርጫውን ይናገር። አንቺም አትምረጪለት፣ እኔም አልምረጥለት።"

ስለዚህ ምረጥ አባዬ። ለመምረጥ ግን ሁሉንም ማወቅ አለብህ።

ያለብህ የመርሳት በሽታ ነው። ሐኪሙ ነግሮሃል፣ ወንድም ጋሼም ነግሮሃል፤ ስለማይቆይልህ እዚህ ተጽፎ ይኑር። እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም። መድኃኒቱ ያዘገየዋል። ወንድም ጋሼ ቤት ብትቆይ ሰው አጠገብህ አለ፣ የልጅ ልጆችህ አሉ፣ በሩም ይቆለፋል። እዚያ የምትሞተው አልጋህ ላይ ይሆናል፤ ምናልባት በጣም አርጅተህ። ይህን አሳንሼ አላየውም።

እኔ ጋ ብትመጣ ቀን ቀን ከአንተ ጋር የምትውል ሴት ፈልጌ አግኝቻለሁ፤ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ ቀልድ አታውቅም፣ ትጣላላችሁ። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ሜዳማው መንገድ ላይ ትነዳለህ። ዳገቱ የለም። ቁልቁለቱ የለም። ኮትህ ውስጥ ስሜንና ስልኬን እሰፋለሁ፤ የራስ ቁርም ታደርጋለህ፣ ብትሳደብም። እኔ ከኋላህ በእግሬ እመጣለሁ። ከዓይኔ የምትሰወርበት ቀን ይመጣል። ልትወድቅም ትችላለህ። ስትወድቅ ቆሜ እንዳየሁህ ሆኜ ነው ይህን የምጽፈው። በእጄ ገጥሜ የሰጠሁህ ብስክሌት ቢጎዳህ ወንድም ጋሼ ይቅር ይለኝ እንደሆነ አላውቅም። እኔም ራሴን። ግን አንተን 'እስኪገኝ' በሚል ቃል አስሬ ማስቀመጡን ከዚያ ይልቅ ፈራሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድም ጋሼ ቤት እደርሳለሁ። በስልክ ሳይሆን፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብለን፣ ሦስታችን። 'እሄዳለሁ' ካልክ ሻንጣህን እይዛለሁ። 'እቀመጣለሁ' ካልክ ብስክሌቱን ምን እንዳደርገው አንተው ትነግረኛለህ፤ ያልከኝን አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቃል እገባልሃለሁ። ከመጣህ፣ ሰንሰለቱን እኔው ራሴ የምፈታበት ጠዋት ይመጣል። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ወይም መንገዱን እንደማታውቀው ስታየው አውቀዋለሁ። ያን ጠዋት ተበጠሰ አልልህም። ፊትህ ቆሜ፣ በጠቆረ እጄ፣ "ፈታሁት አባዬ" እልሃለሁ። ትቆጣኛለህ። ቀኑን ሙሉ ላታናግረኝ ትችላለህ። በማግስቱ ረስተኸው ብስክሌቱ ምን ሆነ ብለህ ትጠይቀኛለህ፤ እንደገና እነግርሃለሁ። በሦስተኛውም ቀን እነግርሃለሁ።

ልጅህ፣
ድንቢጥ